ሲበራ በመጀመሪያ የማንን ትእዛዝ ይሰማል? በአሮጌ የእጅ ጌም ማጫወቻ ላይ ብጁ ፈርምዌር ስለ መጫን

(ለመምህራንና ለተማሪዎች በደብረ ታቦር የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዚህን ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበቡ አንዳንድ መምህራን «ዩኒቨርሲቲ ከጨዋታ ዕቃ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው መጠየቃቸውን ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን አጭር ነው፤ ዛሬ ስለ ጨዋታው አልናገርም። የምናገረው ሶኒ በዲሴምበር 2004 እ.ኤ.አ. በጃፓን ገበያ ላይ ስላዋለው፣ በተለምዶ ፒኤስፒ ስለምንለው መሣሪያ ነው፤ ሲበራ በመጀመሪያ የማንን ትእዛዝ እንደሚሰማ፣ አማርኛ እንዲያሳይ ብንፈልግስ ማንን ማስፈቀድ እንደሚኖርብን እንመለከታለን።

ፈርምዌር በመሣሪያው ቋሚ ማኅደረ ትውስታ ላይ ተጽፎ የሚኖር፣ ሃርድዌሩን የሚያነቃ፣ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ በእርሱ ፈቃድ የሚሠራበት ሶፍትዌር ነው። ብጁ ፈርምዌር ደግሞ የአምራቹን ሥራ መሠረት አድርጎ፣ አምራቹ ያላሰበውን ወይም የከለከለውን እንዲፈቅድ በሌሎች እጅ የተሻሻለ ነው። ስሙ ለጆሮ እንግዳ ይሁን እንጂ ሥራው ለከተማችን እንግዳ አይደለም። ስልኩ አልነሣ ያለው ሰው ወደ ጠጋኙ ሄዶ «ፍላሽ አድርግልኝ» ሲል የሚጠይቀው ፈርምዌሩ እንደ ገና እንዲጻፍለት ነው። በክፍል ውስጥ እኛ በሥዕል የምናስተምረውን ነገር ያ ወጣት በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ በቀን ብዙ ጊዜ ይሠራዋል። ይህን የምለው ለማስተዛዘን አይደለም፤ ከእኛ ምሩቃን መካከል በእጁ አንድ ፈርምዌር ጽፎ የሚያውቅ ስንት ነው?

ወደ መሣሪያው እንግባ። የመጀመሪያው ሞዴል፣ 1000 የሚባለው፣ 32 ሜጋባይት ራም፣ 32 ሜጋባይት ፍላሽ ማኅደረ ትውስታ፣ እስከ 333 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ከሚፕስ ቤተሰብ የተወለደ ፕሮሰሰር፣ እንዲሁም በወርዱ 480 በቁመቱ 272 ፒክስል የሆነ ስክሪን አለው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዴል 2000 ራሙንም ፍላሹንም ወደ 64 ሜጋባይት አሳደገ። መሣሪያው ሲበራ በመጀመሪያ የሚነቃው በፕሮሰሰሩ ቺፕ ውስጥ በፋብሪካ የታተመ፣ ማንም ሊለውጠው የማይችል ትንሽ ፕሮግራም ነው። እርሱ ከፍላሹ ላይ ሁለተኛውን ፕሮግራም ያነብባል፤ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈውን ፈትቶ ትክክለኛነቱን መርምሮ ያስነሣዋል፤ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው የስርዓቱን ልብ ያስነሣል። እያንዳንዱ ከኋላው ለሚመጣው እንደ እልፍኝ አስከልካይ ነው፤ ማኅተሙን ሳያይ አያስገባም። የሶኒን ማኅተም ያልያዘ ፕሮግራም፣ እናንተ በገዛ እጃችሁ የጻፋችሁት ቢሆንም እንኳ፣ በደጅ ይቀራል።

ይህ ሰንሰለት የተሰበረበትን መንገድ ሳስተምር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የተሰበረው በጉልበት ሳይሆን በባትሪ ነው። የጥገና ማእከሎች የሞተ መሣሪያ የሚያስነሡበት መንገድ ያስፈልጋቸው ነበር። ፍላሹ ተበላሽቶ ከሆነ ከፍላሹ መነሣት አይቻልምና፣ መሐንዲሶቹ ሌላ በር ተዉ። በፒኤስፒ ባትሪ ውስጥ መለያ ቁጥሩን የሚይዝ ትንሽ ማኅደረ ትውስታ አለ። ያ መለያ እያንዳንዱ ቢት አንድ ሆኖ ከተነበበ፣ መሣሪያው ራሱን በጥገና ሁነታ ላይ ያገኛል፤ ሁለተኛውንም ፕሮግራም ከፍላሹ መፈለጉን ትቶ ከሜሞሪ ስቲኩ ይወስዳል። በ2007 እ.ኤ.አ. ይህን የደረሱበት ሰዎች ባትሪውን «ፓንዶራ» ብለው ሰየሙት። ዳርክ አሌክስ በሚል ስም የሚታወቀው ፕሮግራም ጸሐፊ አስቀድሞ በ2006 ብጁ ፈርምዌር አውጥቶ ነበር፤ ከፓንዶራ በኋላ ግን «ሞተ» የተባለውም መሣሪያ ሳይቀር የሚነሣ ሆነ። ሶኒ በኋለኞቹ የ2000 ቦርዶችና በ3000 ሞዴል ላይ በፋብሪካ የሚታተመውን የመጀመሪያውን ፕሮግራም ለውጦ በሩን ዘጋው። ተማሪዎች ልብ በሉ፤ ያ ፕሮግራም ሊለወጥ ስለማይችል ቀድሞ የተሸጡትን ሊያርማቸው አልቻለም። የስርዓቱ የመተማመኛ መሠረት የነበረው አለመለወጥ ራሱ ጉድለቱን ዘላለማዊ አደረገው።

ዛሬ አንድ ተማሪ አሮጌ ፒኤስፒ ቢያገኝ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። የመጨረሻው ይፋዊ ፈርምዌር 6.61 በጃንዩዋሪ 2015 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። መጀመሪያ እርሱ ይጫናል፤ ከዚያ የብጁ ፈርምዌሩ ፋይል በሜሞሪ ስቲኩ የጨዋታ ማኅደር ውስጥ ይቀመጥና እንደ ማንኛውም ጨዋታ ይከፈታል። በ1000 እና በቀደሙት የ2000 ቦርዶች ላይ በፍላሹ ውስጥ በቋሚነት ሊጻፍ ይችላል። በ3000 ላይ ግን ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት በቆየው መንገድ መሣሪያው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ከራም ይሰረዛል፤ እንደ ገና ማስነሣት ግድ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ባትሪው ነው። ይፋዊው ማሻሻያ ባትሪው በቂ ኃይል ካልያዘ አይጀምርም፤ የእነዚህ መሣሪያዎች ባትሪ ደግሞ በዕድሜ ያብጣል። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ የያዘ መሣሪያ ላብራቶሪ ይዛችሁ አትምጡ። እየተጻፈ ያለ ፍላሽ መብራት ሲቋረጥበት ምን እንደሚሆን ለደብረ ታቦር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የባትሪው ሕግ የተደነገገው ለዚሁ ነው።

እዚህ ድረስ ለምን እንደመጣን አሁን ልናገር። ፒኤስፒ ከጃፓንኛ እስከ ደችኛ ብዙ ቋንቋ ያሳያል፤ አማርኛ ግን የለበትም። አቅም አንሶት ነው እንዳይባል እስቲ እናስላው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ መሣሪያው ከመውጣቱ 5 ዓመት በፊት ነው። የተሰጠው ዋናው ክፍል 384 ቦታ አለው። አንዱን ፊደል በ16 በ16 ነጥብ ብንሥለው 256 ቢት፣ ማለትም 32 ባይት ይወስዳል። 384 በ32 ሲባዛ 12,288 ባይት፤ 12 ኪሎባይት ማለት ነው። 32 ሜጋባይት ራም ባለው መሣሪያ ላይ ቋንቋችንን ውጭ ያስቀረው ጉዳይ መጠኑ ይህን ያህል ነው። በዚያ ስክሪን ላይ በአንድ መስመር 30 ፊደል፣ በአንድ ገጽ 17 መስመር ይገባል፤ ለንባብ ከበቂ በላይ ነው።

ሥራው ራሱ ደግሞ ያማረ ነው። በዩኒኮድ «ሀ» ቁጥሩ 4608 ነው፤ ከዚያ በኋላ ፊደላቱ በስምንት በስምንት ተሰልፈዋል። ከማንኛውም ፊደል ቁጥር ላይ 4608 ቀንሳችሁ ለ8 ብታካፍሉት ድርሻው የትኛው የፊደል ቤት እንደሆነ፣ ቀሪው የትኛው ቤተሰብ አባል እንደሆነ ይነግራችኋል፤ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ እያለ ይሄዳል። ይህን ከፊታችን ባለው ስም እንሞክረው። «ጋ» 4875 ነው፤ ሲቀነስ 267፣ ሲካፈል ድርሻው 33፣ ቀሪው 3፤ ራብዕ። «ፋ» 4939 ነው፤ 331፣ ድርሻው 41፣ ቀሪው እንደ ገና 3፤ ራብዕ። «ት» 4725፤ 117፣ ድርሻው 14፣ ቀሪው 5፤ ሳድስ። ፊደል በየኔታ ፊት በዜማ የቆጠረ ሰው ይህን የማካፈል ሥራ በልጅነቱ ያውቀዋል። የአማርኛ ታይፕራይተርን የሠሩት ኢንጂነር አያና ብሩ በጥቂት ቁልፎች ውስጥ ፊደሉን ለማስገባት የደከሙትን ድካም ሳስብ፣ የእኛ ድካም እንደ ጨዋታ ነው። ሆኖም ያችን 12 ኪሎባይት የሚያሳይ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ብትጽፉ፣ በይፋዊው ፈርምዌር ላይ አይከፈትም። ማኅተም የለውማ። ብጁ ፈርምዌር ለእኔ አስፈላጊነቱ እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን የተዘጋ መሣሪያ ስለ መክፈት ሲነሣ የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ፣ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የተባለውን ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጠ። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን ለማግኘት የፈጀበት 4 ደቂቃ ነው፤ በ5 ወር ውስጥም ልጆቹ በአዋቂዎች የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት። የመነሻ ገጹን እንዳይለውጡ የተደረገውንም ክልከላ አልፈው እያንዳንዱ የራሱን አደረገ። ተራኪው የፕሮጀክቱ ባለቤት ስለሆኑ ታሪኩን በጥንቃቄ እሰማዋለሁ፤ «ሀክ አደረጉት» የሚለው ቃልም ለእኔ ይበዛብኛል። ነገር ግን ለየትኛው ቋንቋ እንደተዘጋጀ ተመልከቱ፤ ልጆቹ እንዲያነብቡበት የታሰበው እንግሊዝኛ ነበር። ካሜራውን ከፈቱ፤ ቋንቋውን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ግን በ5 ወር ብቻውን የሚያገኝ ልጅ የለም። ያ የእኛ የዩኒቨርሲቲዎቹ ሥራ ነው።

ከዚህ አዳራሽ ብዙም በማይርቀው ጋፋት፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሠርተው የማያውቁ የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮናውያንን «ሥሩ» ብለው አስገደዱ፤ በ1867 እ.ኤ.አ. ሴቫስቶፖል ተቀለጠ። ስንዘክረው የምናነሣው ክብደቱን፣ ወደ መቅደላ የጎተተውንም ሕዝብ ብዛት ነው። እኔ የማነሣው በቀጣዩ ዓመት የሆነውን ነው፤ ሚሲዮናውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፣ ምድጃውም አልቀጠለም። ንጉሡ የፈለጉት መድፉን ብቻ አልነበረም፤ ሕዝባቸው ጥበቡን እንዲማር ነበር።

ክርክር አለብኝ፤ አውቃለሁ። ብጁ ፈርምዌር በዓለም ላይ በብዛት ያገለገለው የተሰረቀ ጨዋታ ለመጫወት ነው። ይህን የሚክድ ሰው ስለ ጉዳዩ አያውቅም ወይም ይዋሻል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ማንኛውም የድርሰት ሥራ ጥበቃ አለው፤ ስለዚህ በላብራቶሪያችን ውስጥ የሰው ጨዋታ አይገለበጥም። በራሷ በአሜሪካም መስመሩ አልጠራም፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የስልክን ቁልፍ መክፈት ሲፈቀድ፣ በ2012 ለጌም ማጫወቻዎች የቀረበው ተመሳሳይ ጥያቄ ውድቅ ሆኗል። እኔ የምከራከረው በገንዘባችሁ በገዛችሁት መሣሪያ ላይ የራሳችሁን ፕሮግራም ስለ መክፈት ብቻ ነው። በዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር አለመስማማታችን ይቀጥል ይሆናል።

አንድ ያልተፈታ ጉዳይ ልተውላችሁ። ማንበቡን ጨርሰናል እንበል፤ መጻፉስ? ፒኤስፒ የመጻፊያ ሰሌዳ የለውም። ያሉት አራት የአቅጣጫ ቁልፎች፣ አራት ምልክት ያለባቸው ቁልፎች፣ ሁለት የትከሻ ቁልፎችና አንዲት ተንሸራታች ዘንግ ናቸው። የፊደል ቤቱን በዘንጓ መርጦ ሰባቱን ቤተሰብ በምልክቶቹና በትከሻዎቹ ማሰማራት ይቻላል ብዬ እገምታለሁ፤ አራቱን ምልክቶች ለብቻ፣ ሦስቱን ከትከሻ ጋር ማለቴ ነው። ሳድስ በጽሑፋችን ውስጥ እጅግ ስለሚደጋገም ለአውራ ጣት የሚቀርበው ቁልፍ ለእርሱ ይገባዋል። መሣሪያው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ባትሪው ተሞልቷል። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፣ መሞከር የሚፈልግም ይቅረብ።