የተቃጠለ ግራሶ ሽታ



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ድምፅ ነው። ወፍራም ጎማ ጠጠር በበዛበት ቁልቁለት ላይ ሲንከባለል የሚያሰማው ድምፅ። በዚያ ላይ የካቴናው ቀጭን ዜማ ይደረብበታል። ማርሹ ቦታውን በደንብ ካልያዘ ደግሞ ከኋላ ክርክር የምትል ነገር ትሰማለች። ነጂው አውራ ጣቱን ይሰድና ከመሪው በላይ ያለችውን ትንሽ ብረት ይገፋታል፤ ትንሽ መለስ ያደርጋታል። ክርክርታው ይጠፋል። ያን ጊዜ የሚሰማው ጎማውና ነፋሱ ብቻ ነው።

እኔ ይህን ድምፅ የለመድኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አጎቴ ውጭ አገር ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ፣ ከመጽሐፍ ካርቶኖቹ ጋር አንድ ያገለገለች ብስክሌት ይዞ መጣ። በሰፈራችን የምናውቃት ብስክሌት ረዥሟ፣ ጥቁሯ፣ ጎማዋ ቀጭን፣ ፍሬኗ በብረት ዘንግ የሚሠራው ነበረች። ይህቺኛዋ ሌላ ፍጥረት ሆነችብን። ቴላዮዋ አጠር ያለ፣ ጎማዋ ጥርስ ያለው፣ መሪዋ ሰፊና ቀጥ ያለ። አንዱ ጓደኛችን ተጠግቶ ጎማውን በጣቱ ተጫነና "የሞተር ነው እንዴ?" አለ። ለብዙ ጊዜ ማንም መልስ አልሰጠውም፤ ሁላችንም ተንበርክከን ማርሹን እየቆጠርን ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የኋላ ጎማው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ወሰድኳት። ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ብስክሌቷን ገልብጠው አቆሟት፣ ቸርኬውን በመዳፋቸው አሽከረከሩት፣ ከዚያ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ሐኪም የሕፃን ደረት እንደሚያዳምጥ። "ኩሽኔታው ግራሶ ጠምቶታል ልጄ" አሉኝ። ፈቱት፣ በላምባ አጠቡት፣ በጣታቸው አዲስ ግራሶ ሞሉበት፣ መልሰው ገጠሙት። የዚያን ቀን ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። የተራራ ብስክሌት ታሪክ የሚጀምረው ከዚያችው ከግራሶዋ መሆኑ።

አሁን ወደ ቦታው ልውሰዳችሁ። ካሊፎርኒያ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት ድልድይን ተሻግራችሁ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ማሪን የሚባል አውራጃ አለ። ታማልፓይስ የሚባል ተራራ አለው፤ ከፍታው 784 ሜትር ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህ ትልቅ ላይመስለው ይችላል፤ አዲስ አበባ ራሷ የተቀመጠችው የዚያን ተራራ ጫፍ ሦስት እጥፍ በሚያክል ከፍታ ላይ ነው። ግን ተራራው ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ቀጥ ይላል፤ ጎኑን ደግሞ የእሳት አደጋ መኪኖች እንዲያልፉበት የተጠረጉ የአፈር መንገዶች ይዞሩታል። ነገሩ ሁሉ የተወለደው በእነዚያ የአፈር መንገዶች ላይ ነው።

በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ወጣቶች ያረጁ ብስክሌቶችን ከየጓሮው፣ ከየቆሻሻ መጣያው መልቀም ጀመሩ። የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ነበር። በ1930ዎቹና በ40ዎቹ በቺካጎ ከተማ ሽዊን የሚባለው ፋብሪካ የሠራቸውን፣ ፊኛ ጎማ የሚባለውን ወፍራም ጎማ ያጠለቁትን። ከእነዚህም ኤክሴልሲዮር የተባለው ቴላዮ ከሁሉ ይበልጥ ይፈለግ ነበር። በዘመናቸው ጋዜጣ የሚያድሉ ልጆች ይነዷቸው የነበሩ ብስክሌቶች ናቸው። ክብደታቸው ከ20 ኪሎ ይበልጣል፣ ማርሽ የላቸውም፣ ግን ከድንጋይ ጋር ተጋጭተው አይሰበሩም። ወጣቶቹ ጌጡን ሁሉ፣ የጭቃ መከላከያውን፣ የካቴና መሸፈኛውን ፈታትተው ጣሉ፤ በጭነት መኪና እየጫኑ፣ አንዳንዴም በእግራቸው እየገፉ ወደ ላይ አወጧቸው፤ ከዚያ ለቀቋቸው። ብስክሌቶቹን "ክላንከር" ይሏቸው ነበር፤ ኳኳታቸውን የሚያስተጋባ ስም ነው።

እንግዲህ ከነዚህ ቁልቁለቶች አንዱ በፌርፋክስ ከተማ አጠገብ ነው። ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል አይሞላም፣ ግን በዚያች አጭር መንገድ 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። የብስክሌቶቹ ፍሬን አንድ ብቻ ነበር፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ሆኖ የሚይዝ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ እምብርቱ ይግላል፣ ውስጡ ያለው ግራሶ ይፈላል፣ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ታች ሲደርሱ ከኋላቸው ጭስ ይጎትቱ ነበር። ደረቅ የቀረውን እምብርት ፈትተው እንደገና ግራሶ ካልሞሉት በስተቀር ሌላ ዙር አይታሰብም። እንደገና መሙላት በእንግሊዝኛ ሪፓክ ነው። መንገዱም ሪፓክ ተባለ። እስከ ዛሬ ስሙ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው የሪፓክ ውድድር የተደረገው በፈረንጆቹ ጥቅምት 21 ቀን 1976 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 11 ቀን 1969 ዓመተ ምሕረት። 1969 እዚህ የሽብር ዓመት እንደነበረ ከአድማጮቼ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ይህን ቀን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ወገን ወጣቶች ከተራራ እየወረዱ ይስቃሉ፤ በሌላው ወገን እኩዮቻቸው የሆኑ የእኛ ልጆች ማታ ከቤት ሲወጡ እናቶቻቸው በር ላይ ቆመው ይጸልያሉ። ሁለቱን ማስታረቅ አልችልም። ግን አንዱን ስናገር ሌላውን ሳልጠቅስ ማለፍም አልሆነልኝም።

ውድድሩን የሚያዘጋጀው ቻርሊ ኬሊ የሚባል፣ የሙዚቃ ባንድ ዕቃ እያጓጓዘ የሚተዳደር ሰው ነበር። ደብተር ይዞ የእያንዳንዱን ሰዓት ይመዘግባል። ተወዳዳሪዎቹ አንድ በአንድ፣ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ይለቀቃሉ፤ ሰዓቱም የሚያዘው በሁለት አሮጌ የባሕር ኃይል ሰዓቶች ነው። የመጀመሪያውን ቀን ያሸነፈው አላን ቦንድስ ነበር። ያሸነፈበት ምክንያት ሳይወድቅ የደረሰ እሱ ብቻ መሆኑ ነው። ኋላ ጌሪ ፊሸር የተባለው በ4 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ወረደውና የመንገዱ ክብረ ወሰን በእሱ ስም ቀረ። ጆ ብሪዝ የሚባለው ሌላው ተወዳዳሪ የሚከተለው በሁለት ሰከንድ ብቻ ነው። ፊሸር ከዚያ በፊት የአስፋልት ብስክሌት ተወዳዳሪ ሳለ ጸጉርህ ረዘመ ተብሎ ከውድድር የታገደ ወጣት ነበር። ተራራው ላይ ጸጉር የሚለካ ዳኛ አልነበረም።

የሚያስደንቀኝ ይህ ነው አድማጮቼ። እነዚህ ሰዎች አዲስ ነገር እንፍጠር ብለው አልተነሡም። የሚወዱት አሮጌ ነገር ነበር። ሰው የጣለውን፣ የቀደመው ትውልድ በደንብ ሠርቶ የረሳውን አነሡ፤ ከዚያ የጎደለውን ጨመሩበት። ፊሸር ማርሽ ገጠመበት፤ ከሁለት ሰው ብስክሌት ላይ የተፈታ ትልቅ ፍሬን አሰረበት። ማርሽ ሲገባበት መግፋቱ ቀረ፤ ተራራውን በፔዳል መውጣት ተቻለ። አሮጌዎቹ ቴላዮዎች ግን ይህን ሁሉ ለመሸከም አልተሠሩም ነበርና ይሰበሩ ጀመር። እየተለቀሙም አለቁ።

በፈረንጆቹ 1977 ጆ ብሪዝ ለቻርሊ ኬሊ ሲል አዲስ ቴላዮ ለመሥራት ተቀመጠ። አባቱ የስፖርት መኪና የሚሠሩ ባለ ወርክሾፕ ነበሩ፤ እሱም ብረት መበየድን ያውቃል። ክሮሞሊ የሚባለውን ቀጭን ጠንካራ ብረት መረጠ። ቅርጹን ግን ከአሮጌዋ ብስክሌት ላይ ለካ። መልካም ናት ያላትን አካሄዷን፣ ቁልቁለት ላይ የማትደናገጠውን፣ እንዳለ ጠበቀላት። ለጥንካሬ ብሎ ከመሪው ሥር ተነሥተው እስከ ኋላ ጎማ የሚወርዱ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች በግራና በቀኝ ዘረጋ። ኒኬል አስነከራት። በዚያች ባንጸባረቀችው ብስክሌት ሪፓክን ወርዶ አሸነፈ። እስከ 1978 ድረስ ዐሥር ብቻ ሠራ። ከመሪ እስከ ፔዳል ሙሉ በሙሉ በአዲስ ዕቃ፣ ለተራራ ተብለው የተሠሩ የመጀመሪያዎቹ ብስክሌቶች እነሱ ናቸው። ቁጥር አንዷ ዛሬ ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ትገኛለች።

ቀሪው በፍጥነት የሄደ ነው፤ እኔም በፍጥነት ልለፈው። በ1979 ፊሸርና ኬሊ ቶም ሪቺ የሚሠራቸውን ቴላዮዎች ይዘው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ስሙን ማውንቴንባይክስ አሉት፤ የድርጅቱ ስም የዓለም ሁሉ ቃል ሆነ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ድርጅት ስተምፕጃምፐር የተባለችውን ብስክሌት በ750 ዶላር ገበያ ላይ አወጣ፤ ቴላዮዋ ጃፓን ነው የተሠራው። በ1982 ሺማኖ ዲዮሬ ኤክስቲን፣ የአጋዘን ምስል የተቀረጸበትን የማርሽ ዕቃ አቀረበ። በ1990 በኮሎራዶ፣ ዱራንጎ ከተማ የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ። በ1996 አትላንታ ላይ ኦሊምፒክ ገባች። ከሪፓክ እስከ ኦሊምፒክ ሃያ ዓመት።

በዚያው ዘመን የፊት ሹካው ውስጥ አየርና ዘይት ገባ፤ መንገጫገጭን የሚውጥ ሆነ። ቀጥሎ የኋላውም ተለቀቀ። ብረቱ በአሉሚኒየም፣ ከዚያም በካርቦን ተተካ። ማርሹ በተመደበለት ቦታ ቀጭ እያለ የሚገባ ሆነ። የዛሬዋ ብስክሌት የተሻለች ናት፤ ይህን መካድ ለእውነት አይመችም። ያኔ ሰው የሚሰበርበትን ቁልቁለት ዛሬ ልጆች በደስታ ይወርዱታል።

ታዲያ ለምንድን ነው የአሮጌዋ ነገር ሆዴን የሚያባባው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ አሮጌዋ ሁሉም ነገሯ በዓይን ይታያል። ሽቦው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ሕፃን በጣቱ ሊከተለው ይችላል። ማርሹን ማሽኑ አይመርጥላችሁም፤ በጆሯችሁ ነው የምታገኙት። ሹካው ቀጥ ያለ ብረት ስለሆነ መንገዱ በቀጥታ ወደ እጃችሁ ይመጣል፤ ድንጋዩን፣ አሸዋውን፣ ያረፈውን ዝናብ በክንዳችሁ ታውቁታላችሁ። ሲበላሽም ጋሼ በአንድ ቁልፍ፣ በአንድ ጉጠትና በጥቂት ግራሶ ይፈቱታል። አሜሪካ ሳትሄዱ፣ መመሪያ ሳታነቡ። ማሪን ላይ የተበየደውን ነገር የእኛ ሰፈር ጎሚስታ በማዳመጥ ብቻ ተረዱት፤ ምክንያቱም ያንን የሠሩትም እንደ እሳቸው በእጃቸው የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ።

ፌርፋክስ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ የብስክሌት ሙዚየም አለ። እዚያ ከሄዱ ወዳጆቼ አንዱ የላከልኝን ፎቶግራፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ክላንከር ናት። ቀለሟ የተፋቀ፣ መሪዋ ሰፊ፣ ብረቷ ላይ የድንጋይ ጠባሳ። አላጸዷትም። ደግ አደረጉ።

የአጎቴ ብስክሌት ዛሬም አለች። ጋሼ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ግራሶውን የምሞላው እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ከጓሮ አውጥቼ ስጠርጋት የእህቴ ልጅ መጣ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ከመሪው በላይ ያለችውን ብረት ነክቶ፣ "ይቺ ምን ትሠራለች?" አለኝ። "ውጣባትና ግፋት፤ ከዚያ አድምጥ" አልኩት።

ወጣ። ከበራችን እስከ ወንዙ ድልድይ ያለችውን ኮረኮንች ወረደ። መመለሻው ዳገት ነው። አውራ ጣቱን ሰደደ፤ ክርክር አለ። ደነገጠና ወደ እኔ አየ። ዝም አልኩ። ትንሽ መለስ አደረጋት።

ድምፁ ጠፋ።

"አገኘኋት!" አለ ከታች፣ ጮክ ብሎ።