ሞተሩ ይድናል፤ ግን ወደ ጣና አይሂድ
በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የቀረበ ንግግር



ሥራ አስፈጻሚው ለእኔ የሰጠኝ ጥያቄ አጭር ነው። ከአባሎቻችን አንዱ፣ ስሜ አይጠራ ያሉ ጋሼ፣ ከኮሎምበስ በስተምሥራቅ ባለው ባክአይ ሌክ አጠገብ ከሚኖሩ አሜሪካዊ ወዳጃቸው አንድ የጀልባ ሞተር በነጻ አግኝተዋል። ለጣና ዳር ወገኖቻችን እንላከው ወይስ አንላከው? ሞተሩ 18 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ በጀልባው ኋላ የሚታሰርና በገመድ ተስቦ የሚነሣ ነው። ገመዱ ሲሳብ ይዞራል፣ ግን አይነሣም። ባለፈው ስብሰባ «ካንዴላ ቀይረን እንላከው» ያሉ ነበሩ። «ቁራጭ ብረት ነው፣ ይጣል» ያሉም ነበሩ። ሁለቱም ወገን ሞተሩን ሳይከፍት ነው የተናገረው። እኔ ሦስት ቅዳሜ ወስጄ ከፈትኩት፤ ዛሬ የምነግራችሁ ያየሁትን ነው።

በመጀመሪያ ጉዳዩ ለምን ሦስት ቅዳሜ እንደሚገባው ልናገር። ከደሴት ወይም ከሐይቁ ማዶ ምጥ የያዛት እናት ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የምትደርሰው በጀልባ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ጣና ምን እንደሚመስል እዚያ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ታንኳ የያዘ ሰው ሰማዩን አይቶ፣ ዳር ዳሩን ይዞ ይሄዳል። ሞተር የያዘ ግን ሞተሩን ተማምኖ መሐሉን ይቆርጣል። ስለዚህ መሐል ላይ የሚጠፋ ሞተር መላክ፣ ምንም ካለመላክ የባሰ ነው።

እንዲህ ያለው ሞተር ለእኛ ሐይቅ እንግዳ አይደለም። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለው የኖርዌይ ተወላጅ በሚልዋኪ ከተማ የጀልባ ሞተሮቹን መሸጥ የጀመረው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። ጣና ላይ ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ በጎ አድራጊዎችና ቤተ ክርስቲያናችን በተሳተፉበት የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለአጥማጆች ገባ። ከዚያ በፊት አጥማጁ በደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም ነበር። እንግዲህ ጣና ዳር በሞተር የሚሠራ ትውልድ አድጓል ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ምርመራው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ የእኛ የጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ስለሆነ እዚህ አገር መለዋወጫ መደብር ገብታችሁ «ካንዴላ» ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። እዚህ አዳራሽ ግን በካንዴላና በቦቢና ስለምንግባባ በዚያው እቀጥላለሁ።

ቆሞ የኖረ ሞተር ሲመጣላችሁ ገመዱን አትሳቡ። ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ወይም ውኃ ካለ፣ በኃይል የሳባችሁት ገመድ ፋሻውን ይሰብራል። እኔ ካንዴላዎቹን ፈትቼ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት አፍስሼ፣ አሳድሬ ነው ቮላኖውን በእጄ ያዞርኩት። የወጡትን ካንዴላዎችም ቶሎ አትጣሏቸው፤ ወረቀት ላይ አስቀምጡና በብርሃን እዩአቸው። የላይኛው ሲሊንደር ካንዴላ ጥቁርና እርጥብ ነበር፤ ነዳጅ ደርሶት ሳይቃጠል ቀርቷል ማለት ነው። የታችኛው ጫፍ ላይ ግን እንደ አሸዋ የደቀቀ፣ የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ አየሁ። ያ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ደግሞ ከፒስተኑ እንጂ ከሌላ ከየትም አይመጣም። ሞተሩ አንድ ቀን ክፉኛ ግሎ ነበር።

ቀጥዬ የመጭመቅ ኃይሉን ለካሁ። በካንዴላው ቀዳዳ የሚገባ ባለ ሰዓት መለኪያ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ብዙ። ላይኛው 95 ፒኤስአይ አለ፣ ታችኛው 45። ሁለቱ ሲሊንደሮች ከ10 በመቶ በላይ ከተለያዩ ሞተሩን ካልከፈታችሁ አትመኑት። ቴስታታውን ሳነሣ ጓርኒሲዮኑ በታችኛው በኩል ተቃጥሏል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ተጭሯል፣ ፋሻዎቹም ቦታቸው ላይ ተጣብቀዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የተበላሸው ተገኘ፣ ይቀየር፣ ያልቃል። እኔ ግን «ለምን ጋለ?» የሚለው ካልተመለሰ አዲስ ፒስተን ማስገባት ገንዘብ ማቃጠል ነው ባይ ነኝ። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውኃ ነው። ከታች፣ ከፕሮፔለሩ በላይ፣ ኢምፔለር የሚባል ባለ ክንፍ ጎማ አለ፤ እየዞረ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋል። ፈትቼ ሳየው ጎማው እንደ እንጨት ደርቋል፣ ከክንፎቹም አራቱ የሉም። የት ሄዱ? ጎማ አይተንም። ሁለቱን እዚያው ቤቱ ውስጥ አገኘኋቸው። ሦስተኛው የውኃ መውጫው ቱቦ ውስጥ ነበር። አራተኛውን ፍለጋ አንድ ሙሉ ከሰዓት ሄደ፤ በታችኛው ሲሊንደር ዙሪያ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ተወትፎ አገኘሁት። የታችኛው ሲሊንደር ብቻ ለምን እንደተቃጠለ ያን ጊዜ ገባኝ። አዲስ ጎማ ብቻ ገጥሜ፣ ያንን ቁራጭ ትቼው ቢሆን ኖሮ፣ ሞተሩ ውኃ ከኋላው እየተፋ፣ ደኅና መስሎ፣ ያው ሲሊንደር እንደገና ይቃጠል ነበር።

ታዲያ የማይነሣው ለምን ነበር? እሱ ሌላ በሽታ ነው። ቮላኖው ሥር ያሉት ሁለቱ ቦቢናዎች ልባሳቸው በዕድሜ ተሰንጥቋል፤ እሳቱ የ6 ሚሊ ሜትር ክፍተት መዝለል አልቻለም። ሁለቱንም ቀየርኩ፤ ፑንቲናውን አጽድቼ ክፍተቱን ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ አሰርኩት። የተቀመጠ ፑንቲና ላዩ በስስ ዝገት ይሸፈናል፤ ንጹሕ ደረቅ ወረቀት በመካከሉ መሳብ አንዳንዴ ብቻውን እሳት ይመልሳል። ለአገር ቤት ልጆች ይህችን ንገሩልኝ። ካርቡራተሩ ውስጥ የነበረው ቤንዚን ሙጫ ሆኗል፤ ታጥቦ ጸዳ።

የማርሹ ቤት ዘይት ሲፈስ ማኪያቶ መስሎ ወጣ። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ካያችሁ ውኃ ገብቷል፤ ማኅተሙ ተበልቷል ማለት ነው። እዚህ ኦሃዮ ያ ውኃ በክረምት በረዶ ሆኖ ቤቱን ይሰነጥቀዋል፤ ጣና ላይ በረዶ ባይኖርም ጥርሶቹንና ኩሽኔታዎቹን ዝገት ይበላቸዋል።

ያገለገለ ግን ደኅና ፒስተን፣ አዲስ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኢምፔለርና ማኅተም ገጠምኩ፤ የተጫረውን ግድግዳም አለሰለስኩት። ዛሬ ላይኛው 95፣ ታችኛው 90 ይላል። ውኃ በሞላ በርሜል ላይ አስሬ ገመዱን በሁለተኛው ስስብ ተነሣ። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነበርና «ልጄ፣ ዳነ እንግዲህ፤ መቼ ይጫናል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ድኗል፤ ግን አገር ቤት አይሂድ» አልኳቸው። ተቀየሙኝ። ምክንያቴን ለእርሳቸውም ለእናንተም ልዘርዝር።

የመጀመሪያው ከፍታ ነው። ኮሎምበስ ከባሕር ጠለል በላይ 300 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ እዚህ 18 ያለው እዚያ ወደ 15 ይወርዳል። ካርቡራተሩም ለኦሃዮ አየር ተስተካክሎ ከሄደ እዚያ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ባሕር ዳር ያለ መካኒክም መለኪያ ሲያስገባ እዚህ 100 የሚለው ደኅና ሞተር እዚያ ከ80ዎቹ ብዙም አያልፍም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ጤነኛ ሞተር ይከፍታል። እዚያ የሚታመነው የሁለቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው።

ሁለተኛው ነዳጁ ነው። የእኛ አሮጌ ሞተር ለ24 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይጠይቃል። አብዛኞቹ ኋላ የመጡት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ግን ለ50 ሊትር 1 ሊትር ይበቃቸዋል። አንድ ጀልባ ነጂ ለሁለት ሞተር ሁለት ዓይነት ድብልቅ ይያዝ ማለት ከባድ ነው፤ አንድ ቀን ቢሳሳት አሮጌው ደርቆ ይነክሳል። በዚያ ላይ ይህ ሞተር በሁለት ቱቦ፣ በአየር ግፊት የሚሠራ የራሱ የነዳጅ ጋን አለው። ጋኑ ቢቀደድ ተተኪው እዚህም በፍለጋ ነው የሚገኘው። እንዲህ ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ነዳጅ ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ውኃው ውስጥ እንደሚተፋም አንርሳ። ያንን ውኃ የሚጠጡ ወገኖች አሉን።

ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ እንቦጭ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሐይቃችን ላይ የታየው ይህ አረም ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ውኃ መሳቢያውን ቀዳዳ ይደፍናል። ውኃ ያልደረሰው ኢምፔለር ደግሞ በራሱ ሙቀት በአጭር ጊዜ ይቀልጣል። ባክአይ ሌክ ላይ አንድ ሞተር ያቃጠለው በሽታ ጣና ላይ የየዕለት አደጋ ነው ማለት ነው። አገር ቤት ያለው ኮሚቴያችን በላከው ደብዳቤ ሁለት ሞተሮች ቆመዋል፤ ምክንያታቸውም «ጋሉና ጠፉ» የሚል ነው። ለዚህ ነው ቅድም ያዙልኝ ያልኩት፤ እዚያ ሞተር አለ፣ ነጂም አለ። የጠፋው የጎማ ክንፍና መለኪያ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለጭነት የመደብነውን ገንዘብ ለመለዋወጫ እናውለው። ለቆሙት ለሁለቱ ሞተሮች ኢምፔለርና የፓምፕ ማኅተም፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ አንድ የመጭመቅ ኃይል መለኪያ እንግዛ። ይህ ሁሉ አንድ ሻንጣ አይሞላም፤ ለጥምቀት የሚሄድ አባል ይዞት ይገባል። ሞተር ግን ቤንዚን የነካው ስለሆነ አውሮፕላን ላይ እንደ አደገኛ ዕቃ ነው የሚታየው፤ ጣጣው ብዙ ነው። ዘይት አንልክም፤ እዚያ ሲገዛ ግን ለጀልባ ሞተር የተሠራ ዘይት ይሁን፣ የሞተር ሳይክሉን አያድርጉት።

ከመግዛታችን በፊት አገር ቤት ያላችሁ ሦስት ነገር ላኩልን። የእያንዳንዱ ሞተር ስምና ቁጥር የተጻፈበትን ታርጋ ፎቶ፣ የሁለቱን ካንዴላዎች ጫፍ ፎቶ፣ ከማርሹ ቤት የሚወጣውን ዘይት በነጭ ብርጭቆ አድርጋችሁ ፎቶ። ሞተሩን አትክፈቱ፣ ገመዱንም አትሳቡ። ነጂዎቹም በእንቦጭ ውስጥ ሲያልፉ ከኋላ የሚወጣውን የውኃ ጅረት ይዩ። ጅረቱ ሲቀጥን ወዲያው ያጥፉና መሳቢያውን በእጅ ያጽዱ፤ በቀዘፋ መውጣት ይሻላል።

የጋሼ ሞተር እኔ ጋራዥ በርሜል ላይ ታስሯል። እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችንም ሆነ ለክረምት ከአገር ቤት ለሚመጣ ሰው ማስተማሪያ ይሁን ብያለሁ፤ ጋሼም በዚህ ታርቀውኛል። ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ በሩ ክፍት ነው። የሚቆሽሽ ልብስ ለብሳችሁ ኑ።