ዓሣ መብላት በብልሃት



አባቶቻችን «ዓሣ መብላት በብልሃት» ያሉት እሾሁ ጉሮሮ እንዳይወጋ ነው። ዛሬ ግን በዓይን ስለማይታየው ሌላ እሾህ ልንነግራችሁ እንወዳለን።

ዓሣ ሰውነትን የሚገነባ፣ ለልጅ ዕድገት የሚረዳ መልካም ምግብ ነው። ነገር ግን ፋብሪካ ፍሳሹን በሚደፋበት ወንዝ ውስጥ እንደ እርሳስ፣ ክሮሚየምና ባዜቃ (ሜርኩሪ የሚባለው) ያሉ ብረቶች ሊገቡ ይችላሉ። እነዚህም እንደ ሌላው ቆሻሻ በስብሰው አይጠፉም፤ ከወንዙ ጭቃ ጋር ይቀመጣሉ። ባዜቃውን በጭቃው ያሉ ደቃቅ ነፍሳት ይወስዱታል፤ ነፍሳቱን ትንሹ ዓሣ፣ ትንሹንም ትልቁ ዓሣ ይበላል። ሰውነት ቶሎ ስለማያስወጣው ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል። ስለዚህ ሌላ ዓሣ እየበላ ብዙ ዘመን የኖረ ትልቅ ዓሣ ብዙ መርዝ ይይዛል። መልኩና ሽታው ግን ደኅና ነው።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በጃፓን አገር፣ በኒጋታ፣ የአጋኖን ወንዝ ዓሣ የሚበሉ ሰዎች መታመማቸው በ1957 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1965) ታወቀ። እጅና እግራቸው ደነዘዘ፤ ሲራመዱ ተንገዳገዱ፤ ዓይናቸውና ጆሯቸው ደከመ። ነገሩ ሲመረመር፣ ምክንያቱ ከወንዙ ላይኛው በኩል ከነበረ ፋብሪካ የወጣ ባዜቃ ሆኖ ተገኘ። በእኛም አገር የአቃቂ ወንዝ አዲስ አበባን ሲያቋርጥ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ተቀብሎ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

«ታዲያ በደንብ ቢቀቀልስ?» ትሉን ይሆናል። እሳት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ብረትን አያጠፋም። ሎሚም ሆነ ጨው አያወጣውም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1ኛ/ ዓሣ ስትገዙ «ከየትኛው ውሃ ነው የተያዘ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከፋብሪካ ፍሳሽ በታች የተያዘውን አትግዙ፤ ልጆቻችሁም ከዚያ እንዳያጠምዱ ከልክሏቸው።

2ኛ/ ከትልቁ አምባዛ ይልቅ አነስ ያለውን ቆሮሶ ምረጡ። ቆሮሶ በብዛት የሚበላው በውሃ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ነው።

3ኛ/ ሆድ ዕቃውን፣ ጉበቱንና መተንፈሻውን (ስንጥቡን) ጣሉ፤ እርሳስ በእነርሱ ላይ ይበዛል። ባዜቃ ግን ሥጋው ውስጥ ስለሚገባ ይህ ብቻውን አይበቃም።

4ኛ/ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕፃናትም፣ ከሁሉ አብልጠው ይጠንቀቁ። ባዜቃ በእናቲቱ ደም አልፎ የፅንሱን አንጎል ይጎዳል፤ እርሷ ምንም ሳይሰማት ልጇ ታሞ ሊወለድ ይችላል።

ንጹሕ ውሃ ያፈራውን ዓሣ ግን ከገበታችሁ አታርቁ። ፍሳሽ ወደ ወንዛችሁ ሲለቀቅ ብታዩም ዝም አትበሉ፤ ለጤና ሠራተኛችሁና ለቀበሌያችሁ ንገሩ።