የሚኒባሳችን ብሎን፦ ከሂሳብ ክፍል ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበ ንግግር



የሂሳብ ክፍል መድረክ ላይ ሲወጣ ቁጥር ሊያነብ ነው ብላችሁ ቡና ለመቅዳት እንደምትነሱ እናውቃለን። ዛሬ ግን እባካችሁ ተቀመጡ። የምንናገረው ስለ አንዲት ብሎን ነው። ርዝመቷ ከጣት አያልፍም፤ ዋጋዋም ከአንድ ኪሎ በርበሬ ያነሰ ነው። ይህች ብሎን ሚኒባሳችንን 11 ቀን አቁማለች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ 3 ወር ሙሉ ሾፌራችንን ስታሳምም ቆይታለች። ጥፋቱ በአብዛኛው የእኛ የሂሳብ ክፍል ሰዎች ስለሆነ መናገሩም የእኛ ድርሻ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ "ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሽሮውና በርበሬው ተጭኖ ጥቂት መንገድ ከተሄደ በኋላ ይጠፋል። ሾፌራችን በመጀመሪያው ሳምንት በደብተሯ ጻፈችው። በሁለተኛው ወር ደግማ ጻፈች። በሦስተኛው ጊዜ ቢሯችን ድረስ መጥታ፣ "ከመቀመጫዬ ሥር ጭስ ይሸተኛል፤ ማታ ቤት ስገባ ራሴን ያመኛል" አለችን። የመለስንላትን ሳንደብቅ እንናገር፦ "ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ሩብ ዓመቱ ይዘጋና እናየዋለን።" በበጀታችን ውስጥ "ጥገና" የሚል መደብ አልነበረም። መኪናዋ በስጦታ ስትመጣ ከደስታችን ብዛት ነዳጅና ዘይቷን እንጂ እንደምትታመም አላሰብንም።

ድምፁ ሲሞቅ መጥፋቱ የበሽታው ምልክት እንደነበር የገባን በኋላ ነው። ሞተሩ ያቃጠለው ጭስ ከየሲሊንደሩ ወጥቶ ወደ ማርሚታው የሚሄድበት የብረት ቱቦ አለ፤ ማኒፎልድ ይሉታል። ከቴስታታው ጋር የሚያያዘው በብሎኖች ነው፤ በመካከላቸው ጓርኒሲዮን አለ። በውስጡ የሚያልፈው ጭስ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ የጋለ ስለሆነ ብረቱ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም፣ ዝገትም ሲጨመርበት፣ ብሎኑ ይደክማል። ማኒፎልዱ ብዙ የሚንቀሳቀሰው በሁለቱ ጫፎቹ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰበረው የጫፍ ብሎን ነው፤ የእኛም የመጨረሻዋ ነበረች። ብሎኑ ሲሰበር ፀጉር የምታህል ክፍተት ትፈጠራለች። ጠዋት ጭሱ በዚያች ክፍተት ጠቅ ጠቅ እያለ ይወጣል፤ ብረቱ ሲሞቅ ተለጥጦ ይደፍናታል። በነጋታው ሲቀዘቅዝ እንደገና ትከፈታለች።

የዚህ ዓይነት ሚኒባስ ሞተሩ ያለው ከፊት መቀመጫ ሥር ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ምን እንደሚያስከትል እዚህ ለተቀመጣችሁ እናቶች ማስረዳት አያስፈልገንም፤ ያው ሽታ የሌለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በመኪና ጭስም ውስጥ አለ። የናፍታ ሞተር ከቤንዚን ያነሰ ቢያወጣም የናፍታ ጭስ የራሱ ጣጣ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ይህን ያነበብነው ዘግይተን ነው።

በመጨረሻ መኪናዋን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት፤ ስሙን አንጠራም። በርካሽነቱ የመረጥነው እኛው ነን። ልጁ ዘይት ሳይረጭ፣ በቁልፉ እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ የቀሩትን ብሎኖች መፍታት ጀመረ። ሌላዋም ቀጭ ብላ ተሰበረች። ከዚያ የመጀመሪያዋን ጉቶ በትራፓኖ በስቶ ብሎን ማውጫ ሊያስገባ ሲል ሾፌራችን "ቆይ!" አለችው። ማውጫው ጥርሱ በተቃራኒ አቅጣጫ የተቆረጠ በጣም ጠንካራ ብረት ነው፤ ጥንካሬው ደግሞ ቶሎ ተሰባሪ ያደርገዋል። ቀዳዳው ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም። ልጁ የበሳው ቀዳዳም ከመሀል ወደ አንድ ጎን ዘንብሎ ነበር። ጋራዡ "እንግዲያው ቴስታታው ይውረድ" ብሎ 38,000 ብር ጠየቀን። መኪናዋን አስጎትተን ወጣን።

ሱማሌ ተራ መለዋወጫ ስንፈልግ ሰዎች ወደ አንድ አንጋፋ መካኒክ መሩን። እሳቸው በመጀመሪያው ቀን የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭተው "ነገ ኑ" አሉን። በማግስቱም ረጭተው "ነገ" አሉ። እኛ ቀን የምንቆጥር ሰዎች ነንና በሆዳችን ተናደድን። በሦስተኛው ቀን የባትሪውን ገመድ ፈቱ፣ የነዳጁን ቱቦ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈኑ፣ እሳት ማጥፊያውን አጠገባቸው አስቀመጡ። ከዚያ ብቅ ባለችው ጉቶ ላይ ዳዶ አድርገው በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ በየዱት። የብየዳው ግለት ዝገቱን ያላቅቃል፤ ዳዶው ደግሞ ለቁልፍ መያዣ ይሆናል። ትንሽ ወደ መፍታት፣ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ እንደገና ወደ መፍታት እያሉ ያዙት። ዳዶው ተገነጠለ። እኛ ደነገጥን፤ እሳቸው "ይሄማ ያለ ነው" ብለው ሌላ በየዱ። በሦስተኛው ዳዶ ጉቶዋ እየጮኸች ወጣች። ሾፌራችን እልል አለች፤ እኛም አላፈርንም፣ አብረን እልል አልን።

የተበሳችው ጉቶ ግን በብየዳ የምትወጣ አልነበረችም። ከትንሽ ፑንታ ወደ ትልቅ እያሉ በስተው አነሷት፤ የቴስታታው ጥርስ በአንድ ጎን ተበልቶ ስለነበር አዲስ ጥርስ አውጥተው የሽቦ ጥቅል ጥርስ አስገቡበት። ማኒፎልዱም ጠምሞ ስለተገኘ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ፤ እንደጠመመ ቢታሰር አዲሶቹንም ብሎኖች ይሰብራቸው ነበር። ብሎኖቹ በሙሉ ተቀየሩ፣ እንዳይጣበቁ ቅባት ተቀቡ፣ ከመሀል ጀምሮ ወደ ጫፍ ቀስ በቀስ ተጠበቁ።

አሁን ቁጥሩ፤ ማምለጫ የለም። ለመጀመሪያው ጋራዥ 3,500 ብር ከፈልን። ለጥገናው፣ ለዕቃው፣ ለቶርኖውና ለመጎተቻው 14,200 ብር ወጣ። በ11ዱ ቀናት ዕቃችንን ለማድረስ መኪና የተከራየንበት በቀን 1,800 ብር፣ በድምሩ 19,800 ብር ነው። ጠቅላላው 37,500 ብር። ከግማሽ በላይ የሆነው ኪራይ እንደሆነ ልብ በሉልን፤ ሥራው በጥቅምት፣ እኛ በመረጥነው ቀን፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ቢሠራ አብዛኛው አይወጣም ነበር። የሾፌራችን የ3 ወር ራስ ምታት በየትኛው መደብ እንደሚጻፍ አናውቅም። እሷን በቢሯችን ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ዛሬ በእናንተ ፊት ደግመን እንጠይቃታለን።

በእጃችሁ ባለው ረቂቅ በጀት ገጽ 4 ላይ "ጥገና" የሚል አዲስ መደብ ታያላችሁ፤ በወር 4,000 ብር። ከሥሩ ያለው አንቀጽ ደግሞ ሾፌሯ ስለ ጭስ፣ ስለ ፍሬን ወይም ስለ መሪ ከጻፈች መኪናዋ የእኛን ፊርማ ሳትጠብቅ እንድትቆም ይላል። ደጋፊዎቻችን፣ መኪናም ወፍጮም ስትሰጡን የመጀመሪያውን ዓመት ጥገና አብራችሁ ብታስቡልን ደስ ይለናል፤ ልመና ቢመስልም ልመናው ከቅድሙ ሂሳብ የመጣ ነው።

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ሾፌራችን ሁለቱን አሮጌ ብሎኖች በሳህን ይዛ ትዞራለች፤ አንደኛዋ ዳዶው እንደተበየደባት ናት፣ ከሌላዋ የቀረው ራሷ ብቻ ነው። የተሰበረው ጫፍ ስለታም ነውና ልጆች እንዳይዙት።