የልጃችን እግር ስንት ቁጥር ነው?

(ዋዲ ከቢር፣ በዓርብ ጉባኤ ላይ ከአንዲት እህታችን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ እህቶቼ፣ ዛሬ መውጣት ያልተፈቀደላቸውን እህቶቻችንንም እግዚአብሔር ያስባቸው። ስለ ልጆቻችን እንድናገር ታዝዣለሁ። ሰባኪ አይደለሁም፤ እንደ እናንተው የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

ልጄን በአራት ዓመቱ ወልድያ ለእናቴ ትቼው መጣሁ። አምና ለጥምቀት እንዲደርስለት ከሩዊ ጫማ ገዝቼ አገር በምትገባ እህት እጅ ላክሁ። ከበዓሉ በኋላ በኢሞ ስደውል ልጁ ያነክሳል። «ምን ሆነ?» ብል እናቴ ዝም አለች። ስጨቀጭቃት ነገረችኝ። ጫማው ጠቦት ኖሮ፣ ታቦት ሲሸኝ ውሎ እግሩ ተላልጧል። «ታዲያ ለምን አላወለቀውም?» አልኳት። «ጠበበኝ ካልኳት ሁለተኛ አትልክልኝም ብሎ ነው» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማዳም ልጅ የትኛው ጥርሷ እንደተነቃነቀ አውቃለሁ፤ የምትጠላውን ምግብ፣ የጫማዋን ቁጥር አውቃለሁ። የወለድኩት ልጅ ግን በልቤ ውስጥ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበር።

ያኔ የሳሙኤል እናት ሐና ትዝ አለችኝ። እሷም ልጇን በሰው እጅ ትታ የሄደች እናት ናት። በዓመት አንዴ ስትሄድ ግን ትንሽ ልብስ ሰፍታ ትወስድለት እንደነበር በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ልብሱ በየዓመቱ ልኩ ይለያያል። ሐና እየሰፋች «አሁን ይህን ያህል አድጓል» ብላ ታስብ ነበር ማለት ነው። እህቶቼ፣ ገንዘቡን እየላክን ነው። ልካቸውን ግን እናውቃለን ወይ?

እኔ ከዚያ ወዲህ የያዝኩትን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የምደውልበት ቀን የታወቀ ነው። እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን አገር ቤት 2 ሰዓት ነው፤ ሳይተኛ እደርስበታለሁ። ስልክ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚሰጣት እህት ያችን ቀን ለልጇ ትንገረው። የማያውቁትን ቀን መጠበቅ ልጅን ያደክማል።

ሁለተኛ፣ «ብሩ ደረሰ?» ከማለቴ በፊት «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ? ምን ተማራችሁ?» እላለሁ።

ሦስተኛ፣ እናቴን በልጁ ፊት አልናገራትም። አንድ ጊዜ ተቆጥቻት «ለእናቴ እነግርብሻለሁ» እያለ ያስፈራራት ጀመር። የአያት ቃል ካልተከበረ እኛ መስካት ተቀምጠን ልጅ አንቀጣም። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድን በስም ጠርቷታል።

አራተኛ፣ ናፍቆትን በስማርት ስልክ አልክስም። ልጄ ጠይቆኛል። ነገር ግን ሌሊት ምን ሲያይ እንደሚያድር ማን ይጠብቀዋል? ስልኩ በአያቱ እጅ ይቆይ፣ እኔን ሲያናግር ይያዘው ብያለሁ። አኩርፏል፤ ኩርፊያው ያልፋል።

አምስተኛ፣ «ለፋሲካ እመጣለሁ» ማለት ትቻለሁ። ኮንትራቴ የሚያልቅበትን ወር በእውነት ነግሬዋለሁ። ሲሰማ አለቀሰ፤ አሁን ግን ወሩን ይቆጥራል።

ዛሬ ልጄ እግሩን ወረቀት ላይ አቁሞ በእርሳስ ይከበዋል፤ በማስመሪያ ለክቶ ይነግረኛል። ባለፈው ዓርብ 21 ሳንቲ ሜትር ደርሷል። «እማዬ፣ አደግኩ አይደል?» አለኝ። አዎ፣ አድጓል፤ እኔም እየሰማሁ ነው ያደገው።

እህቶቼ፣ ዛሬ ስትደውሉ ስለ ብሩ ከማውራታችሁ በፊት የእግራቸውን ልክ ጠይቁ። ልጆቻችንን የሐና አምላክ ይጠብቅልን፤ በሰላም ገብተን ለማቀፍ ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።