ለትንሽ ባሕር የሚበቃ ብርሃን



ቦሌ በሚገኘው ቤቴ 20 ሊትር ውኃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለ፤ በውስጡም ኮራል አሳድጋለሁ። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ረቂቅ ዋቅላሚዎች ስለሚኖሩ ከምግቡ አብዛኛውን የሚያገኘው እነርሱ በብርሃን ከሚያዘጋጁት ነው። ስለዚህ መብራት ለኮራል ጌጥ ሳይሆን እንጀራው ነው።

እኔ ግን መጀመሪያ ገንዳውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ሥር አኖርሁት። የአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይ ብርቱ ናት፤ ጥቂት ውኃም ቶሎ ይሞቃል። ኮራሎቹ ዋቅላሚዎቻቸውን አስወጥተው ነጡ፤ ከሦስቱም ሁለቱ ሞቱ።

ከዚህ ጥፋት የተማርሁትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ገንዳው ቀጥተኛ ፀሐይ ከማያገኘው ስፍራ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ድምቀቱ የሚስተካከል የኤልኢዲ መብራት ይመረጥ፤ የባሕር ውኃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ውጦ ሰማያዊውን ወደ ጥልቁ ስለሚያሳልፍ፣ ሰማያዊው ያይል። ሦስተኛ፣ በደካማ ብርሃን ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር፤ በቀንም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል ብቻ ይብራ። አራተኛ፣ ጨው አብሮ አይተንምና የጎደለው በየቀኑ ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ይሞላ።

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ኮራልን የአንድ ቀን ጨለማ አይገድለውም። የሚያሰጋው የውኃው እንቅስቃሴ መቆሙ ነው፤ በእኛ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነውና።

ዓይናችን ድምቀትን ይወዳል፤ ኮራል የሚሻው ግን ልክን ነው። መብራታችንን ስንመርጥ ለእንግዳ ዓይን ሳይሆን ለእርሱ ሕይወት እንምረጥ።