ኅዳር 12 እና ጭሱ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ዕለት ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ጉባኤ፣ ስለ አንድ ሌላ ዕለት ጥቂት እንድንናገር ፈቃዳችሁን እንለምናለን። ቀን ማክበር ምን እንደ ሆነ ለመማር ከኅዳር 12 የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ኅዳር 12 ብዙ የተሸከመ ቀን ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 21 ይሆናል። በዚያ ዕለት በ1783 ሁለት ፈረንሳውያን በፓሪስ፣ በሞቀ አየር በተነፋ ፊኛ ተሳፍረው፣ ከመሬት ጋር በገመድ ሳይታሰሩ በሰማይ ተጓዙ፤ ከእነርሱ በፊት እንዲህ የበረረ ሰው አልነበረም። በ1996 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቀኑን የዓለም የቴሌቪዥን ቀን ብሎ ሰየመው። ከሁሉ የሚያስቀው ግን ከ1973 ጀምሮ የሚከበረው የዓለም የሰላምታ ቀን ነው፤ የሚያከብረው ሰው በዕለቱ ለዐሥር ሰዎች ሰላምታ እንዲሰጥ ይጠየቃል። የመርሳ ሰው ለዚህ በዓል ዓመት መጠበቅ አያሻውም። በገበያ ቀን ከቤቱ ወጥቶ ገበያው ሳይደርስ ዐሥሩን ይጨርሳል፤ ያውም የልጁን፣ የከብቱንና የአዝመራውን ደኅንነት ሳይቀር እየጠየቀ።

በአገራችን ግን ቀኑ የሚታወቀው በጭሱ ነው። ግቢው ይጠረጋል፤ ጥራጊው በየደጁ ተከምሮ እሳት ይለቀቅበታል፤ ሠፈሩም በጭስ ይሸፈናል። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ነው። የልማዱም ምክንያት በ1911 ዓ.ም. የደረሰ መከራ ነው።

በዚያ ዓመት ኅዳር 2 ቀን በአውሮፓ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አበቃ። ነገር ግን ከመድፍ የከፋ ገዳይ በዓለም ላይ እየዞረ ነበር፤ ይኸውም የኅዳር በሽታ ብለን የምንጠራው ኢንፍሉዌንዛ ነው። በአዲስ አበባ ብቻ ከ9,000 እስከ 10,000 ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር፤ ኋላ ዳኑ። በብዙ ቤት አስታማሚውም ታማሚውም አብረው ተኝተው፣ ቀባሪ እስከ መታጣት ተደረሰ። በዓለም ሁሉ የሞተው በብዙ ሊቃውንት ግምት 50 ሚሊዮን ያህል ነው።

አባቶቻችን በዚያ ጊዜ ቆሻሻ አቃጠሉ፤ ዕጣን አጤሱ፤ ጸለዩ። በዚህ የሚስቅባቸው ቢኖር አንድ ነገር ያስታውስ፤ የሰውን ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በ1933 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1911 የለንደንና የፓሪስ ሐኪሞችም ጠላታቸውን አላዩትም ነበር። አባቶቻችን በእጃቸው ባለው ነገር ተከላከሉ። እኛ ግን በሽታው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽና በሳል እንደሚተላለፍ፣ ጭስም እንደማያስቆመው እናውቃለን። ይህንንም በዘመናችን አይተነዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መሳሳሙና መጨባበጡ ቀርቶ ሰላምታችን በክርንና ከሩቅ ሆነ።

እንግዲህ ጭሱ ካላዳነን ቀኑ ይቅር እንላለንን? አንልም። ሰው ሁሉ ሳይታዘዝ ደጁን የሚጠርግበት ቀን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ መኖሩ ትልቅ ሀብት ነው። የጎደለው ሥራውን ከእውቀቱ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

በ1911 የተቃጠለው ጭድ፣ ቅጠልና እበት ነበር። ዛሬ በክምሩ ውስጥ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ አለበት፤ የዚህ ጭስ ራሱ መርዝ ነው፤ አስም ያለበትን ሕፃንና አዛውንት ያስጨንቃል። በሽታን ለማባረር ብለን በሽታ ልናጤስ አይገባንም።

ደግሞም በእኛ አካባቢ ኅዳር የወባ ወር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ውሃ በየጉድጓዱ ይቀራል፤ የወባ ትንኝም በዚያ ትፈለፈላለች። የወባ ተሐዋሲ በትንኝ ሰውነት ውስጥ መኖሩን ሮናልድ ሮስ የተባለ ሐኪም በ1897 በአውሮፓ አቆጣጠር አሳይቷል። ስለዚህ በመርሳና በሐብሩ ቆላ ኅዳር 12ን ከክብሪት ይልቅ አካፋ የተሻለ ያከብረዋል።

የምናቀርበው አሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ኅዳር 12 በየዓመቱ ተማሪው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በየሠፈሩ ይውጣ። ውሃ ያቆረውን ጉድጓድ ይድፈን፤ ቅጠሉን ለማዳበሪያ ይቅበር፤ ፕላስቲኩን ከእሳት ይለይ። ቤት የሚውሉ ሕመምተኞችን ይጠይቅ፤ ሳል ያለበት ቢሆን ከደጅ ሆኖ ሰላም ይበል። ማታም አያቶቹን ከወላጆቻቸው ስለ ኅዳር በሽታ ምን እንደ ሰሙ ጠይቆ ይጻፍ፤ በ1911 የነበሩት አልፈዋልና፣ ወሬውን ከእነርሱ አፍ የሰሙትም እያለቁ ነው።

ወላጆቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንወጣለን፤ የምንተውላችሁ ታናናሾቻችን ግን ቀኑን ተረክባችሁ በእውቀት እንድታከብሩት አደራ እንላለን።